«በቃ» የሚለው ዘንግ

መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ ውሃው ከቦዩ ጫፍ መድረሱን በዓይኑ ያያል፤ ወደ ታች ስንት እንደ ሰረገ ግን አያይም። ላዩ ሲረጥብ ሥሩም የጠጣ ይመስለዋል፤ ወይም ተራው እስኪመለስ ቀኑ ይርቅብኛል ብሎ ማሳው ውሃ እስኪተኛበት ይለቀዋል።

በአውስትራሊያ የሚሠሩት የአፈር ተመራማሪ ሪቻርድ ስተርዛከር ለዚህ አንድ መላ አበጁ። መሣሪያው ከማሳው ውስጥ የሚቀበር፣ ጋዝ የሚገለበጥበትን ኢምቡቶ የመሰለ የፕላስቲክ ዕቃ ነው። ባትሪም ሆነ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። እየሰረገ የሚወርደው ውሃ ኢምቡቶው ውስጥ ሲደርስ እዚያ ያለው አፈር ይጠግባል፤ ትርፉ በአሸዋ ተጣርቶ ከታች ይጠራቀምና ተንሳፋፊውን ያነሣዋል። ከመሬት በላይ የሚታየው ትንሽ ዘንግም ብድግ ይላል። አፈሩ ሲደርቅ የተጠራቀመውን ውሃ መልሶ ይመጥጠዋል፤ ገበሬው ዘንጉን በእጁ ወደ ታች ተጭኖ ለቀጣዩ ተራ ያዘጋጀዋል።

ብዙ ጊዜ የሚቀበረው ጥንድ ሆኖ ነው፤ ለአትክልት ለምሳሌ አንዱ 20፣ ሌላው 40 ሴንቲ ሜትር ላይ። የላይኛው ብቻ ከተነሣ ሥሩ ጠጥቷል ማለት ነው። ሁለቱም ካልተነሡ ውሃው አንሷል። የታችኛው ደጋግሞ ከተነሣ ውሃው ከሥሩ አልፎ እየወረደ ነው፤ በውድ የተገዛውን ዩሪያም አጥቦ ይዞት ይሄዳል።

ከባሕር ዳር በስተደቡብ መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ ይህ መሣሪያ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ግድቡ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይይዛል፤ የታቀደውም 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያለማ ነበር። ይህን ያህል ውሃ ተይዞም ከቦዩ ራስ ያለው ማሳ ሲጨቀይ፣ ከግርጌ ያለው ሽንኩርት ሲጠወልግ ማየት እንግዳ አይደለም። ጠቡም የሚነሣው ከዚያ ነው።

እዚህ ላይ የውሃ አባት ይገባሉ። ተራ የሚያወጡት፣ በሌሊት ቦይ ሰብሮ ውሃ የጠለፈውን የሚዳኙት፣ ደለል ጠረጋ ያልወጣውን የሚያስቀጡት እሳቸው ናቸው። ሥልጣናቸው የቆመው በጎረቤት አመኔታ ላይ ነው፤ መለኪያቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰዓትና ግምት ነው። ለአንዱ ግማሽ ቀን ሰጥተው ለሌላው ሲነፍጉ ማስረጃቸው ምንድን ነው? ዘንጉ ሲነሣ ግን ባለ ማሳውም፣ ቀጣዩ ተረኛም እኩል ያዩታል። የመሣሪያው ትልቁ ጥቅም ውሃ መቆጠቡ ብቻ ሳይሆን ክርክሩን ማሳጠሩ ይመስላል። በቆጋ ሙከራዎች ዘንጉን ተከትለው ያጠጡ ገበሬዎች ውሃ ቀንሰውም ምርት አልጎደለባቸውም።

እንከን የለውም ማለት አይደለም። መቼ ማቆም እንደሚገባ እንጂ መቼ መጀመር እንደሚገባ አይናገርም። ለዚያ የአፈሩን እርጥበት በሰማያዊ፣ በአረንጓዴና በቀይ መብራት የሚያሳይ «ካሚሊየን» የተባለ ሌላ መሣሪያ አለ። የተሰነጠቀ መሬት ውስጥ ደግሞ ውሃው በስንጥቁ ሾልኮ ዘንጉን ያለ ጊዜው ያስነሣዋል። የሚቀበርበት ቦታም ወሳኝ ነው፤ ከቦዩ መግቢያ ላይ ከተተከለ ውሃው ገና ወደ ማሳው ጫፍ ሳይደርስ «በቃ» ስለሚል፣ ወደ መጨረሻው ጠጋ ብሎ መቀበር አለበት።