ሳፊ ፋይ፦ እውነት ወይስ ተረት?

(ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት የፊልም ዳይሬክተር ናት።»
ግማሹ ተረት ነው። ካሜሩናዊቷ ቴሬዝ ሲታ ቤላ አጭር ዘጋቢ ፊልሟን የሠራችው በ1963 ነው፤ ያን ጊዜ ሴኔጋላዊቷ ሳፊ ፋይ ገና ካሜራ አልያዘችም። የሳፊ ቀዳሚነት ሌላ ነው፦ በ1975 የሠራችው «ካዱ ቤይካት» ከሰሃራ በታች ካለ አገር የወጣች ሴት ሠርታው ለሲኒማ ቤት ገበያ የቀረበ የመጀመሪያው ሙሉ ርዝመት ፊልም ነው።

«ዣን ሩሽ የሚባለው ፈረንሳዊ የፊልም ሰው ነው የፈጠራት።»
ተረት። ዳካር ውስጥ አስተማሪ ሳለች በ1966ቱ የጥቁር ሕዝቦች የጥበብ ፌስቲቫል ላይ ተዋወቁ፤ በኋላም በፊልሙ ተውናለች። ፓሪስ ሄዳ ኢትኖሎጂና የፊልም ሥራ የተማረችው ግን ራሷ ናት። ተመልሳም ካሜራዋን የደቀነችው የወላጆቿ መንደር ላይ ነው።

«የሴቶችን ጉዳይ ብቻ ነበር የምትሠራው።»
እኔን የሚከነክነኝ ይሄኛው ነው፤ አድናቂዎቿም ስለሚሉት። በ«ካዱ ቤይካት» ንጎር የሚባል የመንደር ወጣት ኩምባ የምትባል ልጅ ማግባት ይፈልጋል፤ ጥሎሽ የሚሰጥበት ገንዘብ ግን የለውም። ዝናቡ ቀርቶ ኦቾሎኒው ሳያፈራ ቀርቷል። ገበሬው ደግሞ ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ በኦቾሎኒ ብቻ እንዲተዳደር ተደርጓል። ልጁ ሥራ ፍለጋ ዳካር ይወርዳል፤ ጉልበቱን ይበዘብዙትና ይመለሳል። እንግዲህ የኩምባን ሰርግ ያዘገየው ማን ነው? ሴኔጋል ውስጥ ፊልሙ የታገደው በፍቅር ታሪኩ አይመስለኝም።

ሴቶችን ብቻቸውን ስታነሳም ከጀርባው ያለው ያው የኑሮ ጫና ነው። የ1983ቱ «ሴልቤ» ባሏ ሥራ ፍለጋ ከተማ የሄደባትን የ39 ዓመት ሴት ይከተላል፤ ስምንት ልጆች አሏት፤ የሚበላውን የምታመጣው እሷ ናት።

«በፊልሞቿ ወንዱ ጨቋኝ፣ ሴቷ ምስኪን ናት።»
«ሞሳን» የተባለውን ፊልሟን ያላየ ይበለው። የ14 ዓመቷ ቆንጆ ሞሳን ፈረንሳይ ለሚሠራ ሀብታም ታጭታለች፤ ልቧ ግን ያለው አንድ ድሃ ተማሪ ጋ ነው። እሺ እንድትል አጥብቃ የምትይዛት እናቷ ናት። ውጭ አገር ያለ ሙሽራ ወላጅን እንዴት እንደሚያማልል ለኛ ሰው መንገር አያሻም።

«ሰነፈች፤ ለዚህ ነው ፊልሞቿ የተራራቁት።»
ተረት። «ሞሳን» የተቀረፀው በ1990 ነው። ከዚያ በመብት ክርክር ተያዘ፤ ሳፊ ፊልሟን እስክታስለቅቅ ስድስት ዓመት ሄደ። በ1996 በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ታየ። በ2023 በ79 ዓመቷ ፓሪስ ውስጥ ስታርፍ የመጨረሻ ፊልሟ እሱው ነበር።