ወተትና ዕጣ

ለሕፃናት የሚደረግ ርዳታ በእርግጥ ጠቅሟቸው እንደ ሆነ የሚታወቀው፣ ርዳታውን ያገኙት ካላገኙት ጋር ሲመዛዘኑ ነው። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1930 ዓ.ም. በስኮትላንድ አገር በላናርክሽር አውራጃ 10,000 ተማሪዎች ለአራት ወር በየትምህርቱ ቀን ወተት ሲጠጡ፣ ሌሎች 10,000 ግን ወተቱ ሳይሰጣቸው ቁመታቸውና ክብደታቸው ብቻ ተለካ።

ልጆቹ የተለዩት በዕጣ ወይም በስም ተራ ነበር። ነገር ግን በአንዱ ወገን ብርቱዎች ወይም ደካሞች የበዙ መስሎ ቢታያቸው እንዲለዋውጡ ለመምህራኑ ተፈቅዶላቸው ስለ ነበረ፣ ወተቱ ወደ ከሱትና ወደ ድኾች ልጆች ሳያዘነብል አልቀረም። ያልጠጡትም ገና ከመነሻው በቁመትም በክብደትም በልጠው ተገኙ። ጎሴት የተባለው የስታቲስቲክስ ሊቅ፣ ስቱደንት በሚል የብዕር ስሙ በ1931 ዓ.ም. እንዳስረዳው፣ ከዚህ የተነሣ የወተቱ ጥቅም ይህን ያህል ነው ብሎ መቍረጥ አልተቻለም።

መምህሩ ግን ሊወቀስ አይገባውም፤ የራበውን ልጅ በዓይኑ ያያልና። ወተቱ ለሁሉ የማይበቃ ሲሆን ዕጣ ያለ አድልዎ ይለያል፤ ሐዋርያትም በማትያስ ጊዜ ዕጣ ጥለዋል። ችግሩ አስቀድሞ የታወቀውን ልጅ ግን መመገብ እንጂ ዕጣ ማስጠበቅ ተገቢ አይደለም። ሊቁ ከ20,000ው ይልቅ 50 ጥንድ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ይሻላሉ ብሎ ነበር፤ ከመንታ ልጆቿ ለአንዱ ብቻ ወተት የምታጠጣ እናት ከወዴት ትገኝ ይሆን?