ቆፋሪዋ መኪና፣ የአህያ ጋሪውና የልጆቻችን መጽሐፍ

ብዙዎቻችን ፊደል የቆጠርነው ከጎለመስን በኋላ ነው። ጎጆ ወጥተን፣ ልጅ ወልደን፣ ከዚያ ነው ሀ ሁ ያልነው። ዛሬ ስማችንን እንጽፋለን። ይህንንም ገጽ ቀስ እያልን እናነባለን። ደስ ይላል። ግን አንድ ሥጋት አለብን። ያልታረሰ መሬት ዳዋ ይውጠዋል። ያልተነበበ ፊደልም ይረሳል። ታዲያ ምን እናንብብ? ወፍራሙ መጽሐፍ ገና ይከብደናል።

እስቲ ስለ ትንንሽ ልጆች የሥዕል መጽሐፍ እንነጋገር። ይህ መጽሐፍ ስስ ነው። በየገጹ ትልቅ ሥዕል አለው። ከሥዕሉ ሥር አንድ ወይም ሁለት መስመር ጽሑፍ አለ። በአንዱ መጽሐፍ በሬና አህያ፣ በሌላው ባቡርና ትራክተር ሲሠሩ ይታያሉ።

"ይህማ የልጅ መጫወቻ ነው" እንል ይሆናል። ነገር ግን ልጆቻችንን እንመልከት። መንገድ ሊሠራ ዶዘር የመጣ ዕለት የማይሮጥ ልጅ አለ? ምሳውን እንኳ ይረሳል። የሚሠራ ነገር ልጅን ይስባል። በሬ ሲያርስ፣ አህያ ስትሸከም፣ መኪና አፈር ሲገለብጥ ማየት አይሰለቸውም።

ይህን በደንብ ያወቁ አንዲት ሴት በአሜሪካ አገር ነበሩ። ስማቸው ቨርጂኒያ ሊ በርተን ይባላል። ሠዓሊና ጸሐፊ ነበሩ። ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። መጀመሪያ የጻፉት ስለ አንዲት የአቧራ ብናኝ ነበር። እሳቸውና ጓደኞቻቸው ጽሑፉን ወደዱት። አሥራ ሦስት አሳታሚዎች ግን አንቀበልም አሉ። ሴትዮዋ ጽሑፉን ለልጃቸው አነበቡለት። ልጁም ሰለቸው። እስኪያልቅ እንኳ አልጠበቀም።

ሴትዮዋ አልተቀየሙም። ከልጁ ተማሩ። ከዚያ በኋላ ልጆቻቸው የሚወዱትን እያዩ መጻፍ ጀመሩ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1937 ስለ አንዲት ባቡር የሚናገር መጽሐፍ አወጡ። በ1939 ደግሞ ስለ አንዲት መሬት ቆፋሪ መኪና ጻፉ። በ1943 በረዶ ስለምትጠርግ ትራክተር የሚተርከው መጽሐፋቸው ወጣ።

የቆፋሪዋ መኪና ታሪክ እንዲህ ነው። ስሟ ሜሪ አን ነው። የምትሠራው በእንፋሎት ነው። በእሳት የፈላ ውሃ እንፋሎት ጉልበት ይሰጣታል። ነጂዋ ማይክ ሙሊጋን ይወዳታል፤ በደንብም ይይዛታል። ብዙ ዘመን አብረው ቦይና መንገድ ሠሩ። ኋላ ግን በናፍጣና በኤሌክትሪክ የሚሠሩ አዳዲስ መኪናዎች መጡ። ሜሪ አንን የሚፈልግ ጠፋ። ጓደኞቿ እንደ ቁራሌ ብረት ተሸጡ። ማይክ ግን አልሸጣትም። ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ይዟት ሄደ። የከተማው አዳራሽ የሚያርፍበትን ጉድጓድ በአንድ ቀን እንቆፍራለን፤ ካልጨረስን ክፍያ አንፈልግም አለ።

ፀሐይ ስትወጣ ጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ጨረሱ። ግን በጥድፊያው መውጫ መተው ረስተው ነበር! መኪናዋ ጉድጓድ ውስጥ ቀረች። ምን ይደረግ? መላውን ያመጣው አንድ ትንሽ ልጅ ነው። እዚያው ትቀመጥ፤ አዳራሹ ከላይዋ ይሠራ፤ እሷም በእሳቷ ቤቱን ታሙቅ አለ። እንደተባለውም ሆነ። ማይክም የአዳራሹ ጠባቂ ሆነ።

ይህ መላ በመጽሐፉ ውስጥ ብቻ የልጅ አይደለም። ለጸሐፊዋም መላውን የሰጣቸው በእውነት አንድ ልጅ ነበር። እሳቸውም ይህን ሳይደብቁ በመጽሐፉ ላይ አመስግነውታል። ልጅ የሚለውን መስማት እንዲህ ይጠቅማል።

በእኛም አገር እንዲህ ያለ ሥራ ተሠርቷል። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በአሜሪካ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በልጆች ቤተ መጻሕፍት ይሠሩ ነበር። በዚያ የኢትዮጵያ ልጆች በቋንቋቸው የሚያነቡት መጽሐፍ አጡ። ስለዚህ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2002 በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ የልጆች ተረት በሥዕል አሳተሙ። ወደ አገር ተመልሰውም በ2003 አዲስ አበባ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። በ2005 ደግሞ በሀዋሳ አህያ የሚጎትተው የመጻሕፍት ጋሪ ጀመሩ። እህል የምትሸከመው አህያ መጽሐፍ ይዛ ወደ ልጆቹ ሄደች። አህያ ተራ ናት የሚል ይህን ይስማ!

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የሥዕል መጽሐፍ ከተገኘ እንዴት እናንብብ? ማታ ከብት ከገባ፣ እራት ከተበላ በኋላ ልጁን አጠገባችን እናስቀምጥ። መጀመሪያ ሥዕሉን አብረን እንይ። "ይህ ምንድን ነው? ምን እየሠራ ነው?" ብለን እንጠይቀው። ከዚያ ጽሑፉን በጣታችን እያሳየን እናንብብ። ቃሉ ቢከብደን አንፈር። ፊደል በፊደል እንያዘው። ልጁ ሥዕሉን እያየ ይጠብቀናል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ልጁ "ድገሙልኝ" ይላል። እንድገምለት። በደገምን ቁጥር የእኛም ንባብ ይፈጥናል። ልጁም ቃሉን በቃሉ ይይዛል። ይህ ገና ማንበብ አይደለም፤ ግን የንባብ በር ነው። ስለዚህ አንድ ስስ መጽሐፍ ሁለት ሰው ያስተምራል፤ አባትንም ልጅንም፣ እናትንም ልጅንም።

መጽሐፍ ባይገኝስ? አራት ወረቀት አጥፈን መሐሉን በክር እንስፋ። ልጁ ሥዕል ይሣል። እኛ ከሥሩ እንጻፍ።

በሬው ያርሳል።
አህያዋ ውሃ ትሸከማለች።
መኪናው ጤፍ ይጭናል።

በሬው በሬ ባይመስልም ግድ የለም። ልጁ የሣለው፣ እኛ የጻፍነው መጽሐፍ ነው። ዛሬ ማታ አንዱን ገጽ እንጀምር።