በግድግዳ አጠገብ ስለ ተቆፈረ የሰገራ ቤት

ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተጻፈ ምክር

ቤት ለመሥራት የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ምሰሶው፥ ስለ ማገሩና ስለ ጣራው ነው። የሰገራ ቤቱ ነገር ትዝ የሚለው ሥራው ካለቀና ገንዘቡ ካነሰ በኋላ ነው። ያን ጊዜም ቦታው ስለሚጠበው ጉድጓዱን ከጓዳው ግድግዳ ሥር ወይም ከጎረቤቱ ቤት ጥግ ያስቆፍራል፤ የቆመው ግድግዳ እንደ አንድ ወገን ስለሚያገለግለውም፥ ሦስት ወገን ብቻ ሠርቶ የአንዱን ወገን እንጨትና ቆርቆሮ አተረፍሁ ብሎ ይደሰታል። በቦርደዴም ሆነ ከአዋሽ ወደ ጭሮ በሚወስደው መንገድ ዳር ባሉት ሌሎች ከተሞች፥ ቤቱ ወደ መንገዱ ተጠጋግቶ በሚሠራበት ስፍራ ሁሉ ይህ ስሕተት በቀላሉ ይደርሳል። የትርፉ ዕዳ ግን ኋላ ይከፈላል። እንዴት እንደሚከፈልና ነገሩ ከደረሰም በኋላ ምን ማድረግ እንደሚገባ ከዚህ በታች እንገልጣለን።

1ኛ፤ በግድግዳው ላይ ስለሚደርሰው ጉዳት

የግድግዳ ክብደት በመሠረቱ ላይ ብቻ ተወስኖ አይቀርም፤ ወደ ታች በወረደ መጠን ወደ ጎንም እየሰፋ ይሄዳል። አፈሩ ይህን ሸክም የሚችለው ከጎኑ ሌላ አፈር ደግፎ ሲይዘው ነው። በአጠገቡ ጉድጓድ ሲቆፈር ድጋፉ ይወሰድበታልና ቀስ በቀስ ወደ ባዶው ስፍራ ይንሸራተታል፤ ግድግዳውም ይከተለዋል። በዚህ ላይ ከጉድጓዱ የሚወጣው እርጥበት የጭቃውን ቤት ቋሚ ያበሰብሳል፥ ምስጥንም ይስባል።

እንደ ቦርደዴ ባለ ቆላ አገር ዝናቡ ብዙ ጊዜ ይጠፋና በመጣ ጊዜ በኃይል ይወርዳል። የጣራው ውኃ ከግድግዳው ሥር ስለሚያርፍ፥ ጉድጓዱ በዚያው ካለ ጎርፉ ሁሉ ወደ እርሱ ይገባል። አፈሩ መረሬ ከሆነ ደግሞ በበጋ ይሰነጠቃል፥ በክረምት ያብጣልና ጉዳቱን ያፋጥነዋል።

አደጋው መቅረቡን የሚያስታውቁት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፤ በግድግዳው ላይ በአግድመት ወደ ላይ የሚወጣ ስንጥቅ፥ ከሥሩ የማይደርቅ እርጥበት፥ ቀድሞ ይዘጋ የነበረ በር አልዘጋ ማለት፥ በጉድጓዱ ዙሪያም የመሬቱ መስመጥ። ይህ በትምህርት ቤት የታየ እንደ ሆነ መምህሩ ለነገ ሳይል ሕፃናቱን ከዚያ ግድግዳ አጠገብ ማንሣት ይገባዋል።

2ኛ፤ በሰው ጤና ላይ ስለሚደርሰው ጉዳት

የተቅማጥ፥ የኮሌራና የአንጀት ትል በሽታ ከሰው ዓይነ ምድር ወጥቶ በውኃ፥ በእጅና በዝንብ ወደ ሌላው ሰው አፍ ይገባል። የሰገራ ቤቱ ከጓዳው ጋር በግድግዳ ከተገናኘ ለዝንብ መንገዱ አጭር ነው። የውኃ ጉድጓድ በአቅራቢያው ካለ ግን ጉዳቱ ከአንድ ቤት አልፎ ለአገሩ ሁሉ ይተርፋል።

ለዚህ ምስክር የሚሆን ነገር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1854 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ብሮድ ስትሪት በሚባል መንገድ ደርሷል። በዚያ ሰፈር ኮሌራ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ600 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ሐኪሙ ጆን ስኖው የሞቱትን ሰዎች ቤት ቆጥሮ፥ በሽታው ከአንድ የውኃ ጉድጓድ የመጣ መሆኑን አስረዳ፤ የመቅጃውም እጀታ ተነቀለ። ኋላም ቄስ ሄንሪ ኋይትሄድ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ሲመረምሩ፥ በጉድጓዱ አጠገብ ባለ ቤት አንዲት ሕፃን ታማ እንደ ሞተችና እናቲቱ የጨርቋን እጣቢ በቤቱ ፊት ባለው የቆሻሻ ጉድጓድ ትደፋ እንደ ነበረች ተረዱ። ስፍራው በተቆፈረ ጊዜ የቆሻሻው ጉድጓድ ግንብ ፈራርሶ፥ ከውኃው ጉድጓድ ጋር የሚለየው አፈር አንድ ሜትር እንኳ የማይሞላ ሆኖ ተገኘ። ያ ሁሉ ሰው ያለቀው በዚህች አጭር ርቀት ምክንያት ነው።

የቀድሞ ሰዎችም ይህን አልዘነጉትም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 ሕዝቡ ለመጸዳጃ ከሰፈሩ ውጭ ስፍራ እንዲለይ፥ በመቆፈሪያም ቆፍሮ እንዲከድነው ታዟል፤ በእስልምናም ንጽሕና የጸሎት መግቢያ ነው።

3ኛ፤ ጉድጓዱ ከተቆፈረ በኋላ ሊደረግ ስለሚገባው

በመጀመሪያ መለካት ያሻል። በገመድ ጫፍ ድንጋይ አስሮ የጉድጓዱን ጥልቀት፥ ከዚያም ከጉድጓዱ ጠርዝ እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት መለካት ነው። ርቀቱ ከጥልቀቱ ካነሰ ግድግዳው አደጋ ላይ ነው፤ 3 ሜትር የጠለቀ ጉድጓድ ከግድግዳው ቢያንስ 3 ሜትር ሊርቅ ይገባዋልና።

ርቀቱ ከጥልቀቱ የሚበልጥ፥ ስንጥቅም የሌለ እንደ ሆነ፥ የጣራውን ውኃ በአሸንዳና በቦይ ወደ ሌላ ወገን መመለስ፥ የልብስ እጣቢ ወደ ጉድጓዱ አለመድፋት፥ አመድ መነስነስና አፉን መክደን ይበቃል። ስለ ሽታው ደግሞ የአየር መውጫ ቧንቧ ማቆም መልካም ነው፤ ነገር ግን ቧንቧው የሚስበው ነፋስ በአፉ ላይ ሲያልፍ ስለ ሆነ፥ በአጠገቡ ያለው የቤት ጣራ ከጋረደው ሥራውን አይሠራም። ስለዚህ ጫፉ ከጣራው ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ ዝንብም እንዳይወጣበት በወንፊት ሽቦ ይሸፈን።

ርቀቱ ካነሰ ግን ጉድጓዱን ማስጠረግ ወይም ማስጠለቅ ግድግዳውን ይበልጥ ያዳክመዋል። ማንም ሰው ወደ ውስጡ አይውረድ፤ በውስጡ የሚከማቸው መርዛም ጋዝ የወረደውንም፥ ሊያወጣው የተከተለውንም ይገድላል። ግድግዳው ካልተሰነጠቀ አዲሱ ሳያልቅ አሮጌውን አትዝጉት፤ ሰው ወደ ሜዳ ይመለሳልና። ከተሰነጠቀ ግን ሳይውል ሳያድር ይዘጋ። ሲዘጋም ግድግዳውን በጠንካራ አጣና ደግፎ፥ በደረቅ አፈርና በድንጋይ እየደለደሉ መሙላት፥ ኋላ ስለሚሰምጥም ከመሬቱ ከፍ አድርጎ መከመር ነው። በላዩ ቤት አይሠራበት፤ እስከ 2 ዓመትም አይቆፈር።

አዲሱ ጉድጓድ ከመኖሪያው ቢያንስ 6 ሜትር፥ ከውኃ ጉድጓድና ከኩሬ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከውኃውም በታች በኩል ይሁን። ሆኖም ሴቶች ልጆችና አረጋውያን በሌሊት ለመሄድ እስከሚፈሩ ድረስ አይራቅ።

4ኛ፤ ቦታ ለጠበበው ሰው

ቦታ የለኝም የሚል ሰው በአንድ ጥልቅ ጉድጓድ ፈንታ ጥልቀታቸው 1 ሜትር ተኩል የሆነ ሁለት ጉድጓዶች ይቆፍር፤ ከግድግዳው 2 ሜትር ቢርቁ ለመሠረቱ አያሰጉም። በአንዱ ይጠቀማል፤ ሊሞላ ግማሽ ሜትር ሲቀረው በአፈር ደፍኖ ወደ ሁለተኛው ይዞራል።

መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው የሒሳብ ትምህርት ሊያደርጉት ይችላሉ። በደረቅ ጉድጓድ አንድ ሰው በዓመት እስከ 60 ሊትር ያህል ይሞላል፤ 6 ነፍስ ያለበት ቤት 360 ሊትር መሆኑ ነው። ወርዱና ቁመቱ አንድ አንድ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ከአፉ ግማሽ ሜትር ሲቀነስ 1,000 ሊትር ይይዛል። 1,000 ለ360 ሲካፈል ከ2 ዓመት ተኩል በላይ ይሆናል፤ አመድና አፈር ስለሚጨመርበት ጥቂት ቢያንስም 2 ዓመት አያጣም። ሁለተኛው እስኪሞላ የመጀመሪያው ዐርፎ አፈር ይሆናል።

5ኛ፤ ስለ ጎረቤት ጠብ

ጉድጓዱ ለቆፈረው ሰው ግድግዳ ርቆ ለጎረቤቱ ግድግዳ የቀረበ እንደ ሆነ ነገሩ ወደ ሽማግሌ ይመጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳይጎዳ፥ ከመልካም ጉርብትና ወሰን በሚያልፍ ክፉ ሽታም እንዳያስቸግረው ይከለክላል። ስለዚህ በቦታዬ ቆፈርሁ ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም። ሽማግሎችም ነገሩን ከመስማታቸው በፊት ወደ ስፍራው ሄደው በሁለቱ ወገኖች ፊት ጥልቀቱንና ርቀቱን ቢያስለኩ ክርክሩ ያጥራል፤ ጉድጓዱ እንዲዘጋ የተፈረደ እንደ ሆነም፥ ተከሳሹ አዲሱን የሚሠራበት ጊዜ ቢሰጠውና ጎረቤቱ በጉልበት ቢያግዘው ፍርዱ ዕርቅን ያስከትላል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን አስቀድሞ ማሰብ ነው። ተማሪ ስለ ልኬቱ በትምህርት ቤት ቢማር፥ ነገ ለራሱ ቤት ሲሠራ ከምሰሶው ጉድጓድ ጋር የሰገራ ቤቱን ስፍራ ለይቶ ይተዋል። እግዚአብሔር የሠራነውን ቤት ያጽናልን።