ከስትሮክ በኋላ የሚታየው የአንጎል ጠባሳ፦ የኤም አር አይ ምስል ምን ይናገራል?

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1955 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወር በዴንቨር ዕረፍት ላይ ሳሉ ድንገተኛ የልብ ሕመም አጋጠማቸው። በአጎራባቿ አውሮራ በሚገኘው የፊትዝሲመንስ የጦር ሠራዊት ሆስፒታልም ለሰባት ሳምንታት ያህል ታከሙ። በኅዳር 1957 ደግሞ ስትሮክ መታቸው፤ የሚሹት ቃል ከአፋቸው አልወጣ አለ። በቀናት ውስጥ ወደ ሥራቸው ቢመለሱም፣ ስትሮኩ በአንጎላቸው ላይ የተወውን ጠባሳ በምስል የሚያሳይ መሣሪያ በወቅቱ አልነበረም። የመጀመሪያው ሕመምተኛ በሲቲ ስካን የታየው በ1971 ለንደን ውስጥ ነው፤ ኤም አር አይ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ዛሬ በዚያው የአውሮራ ግቢ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ አንሹትዝ የሕክምና ካምፓስ ቆሟል። በአውሮራና በዴንቨር በርካታ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ቀላል ስትሮክ የመታው አባት በማግሥቱ እጁ ሲታዘዝለትና አንደበቱ ሲፈታ ቤተሰቡ «ተመስገን፣ ዳነ» ይላል። የምርመራው ወረቀት ግን ብዙ ጊዜ «ሥር የሰደደ የቀጫጭን ደም ሥሮች ሕመም» የሚል ሐረግ ጭምር ይዞ ይመጣል። ልጅ ለአባቱ ሲያስተረጉም «ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው፣ ምንም አይደል አባባ» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ሐረጉ የሚናገረው ግን ለዓመታት ሳይታወቅ ስለቆየ ጉዳትና ወደፊት ስለሚጠብቅ አደጋ ነው።

ምስሉ ላይ የሚታዩት ምልክቶች

ወደ አንጎል ጥልቅ ክፍል የሚዘልቁት ደም ሥሮች እጅግ ቀጫጭን ናቸው። አንዱ ሲዘጋ በእርሱ ብቻ የሚመገበው የአንጎል ክፍል ተተኪ መንገድ ስለማያገኝ ይሞታል። በደም መዘጋት ከሚመጡት ስትሮኮች ሩብ ያህሉ መነሻቸው ይህ ነው። የደም ግፊት እነዚህን ሥሮች ያደነድናል፣ ያጠባል፣ አንዳንዴም ያፈነዳል።

ሥሮቹ ራሳቸው በተለመደው ምርመራ አይታዩም፤ የሚታየው የተዉት ዱካ ነው። ተመራማሪዎች በ2013 የዱካዎቹን ስያሜና መለኪያ በአንድ ወጥ መመሪያ አስማሙ፤ መመሪያውም በ2023 ታደሰ።

የመጀመሪያው ምልክት በነጩ የአንጎል ክፍል ላይ ደምቀው የሚታዩ ነጫጭ ነጠብጣቦች ናቸው። ስፋታቸው ከ0 እስከ 3 በሚደርሰው የፋዜካስ መለኪያ ይገመታል። ሁለተኛው ላኩን ይባላል፤ ከ3 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ፈሳሽ የሞላው ትንሽ ጉድጓድ ነው። ሦስተኛው ደም በጥቂቱ አፈትልኮ ብረቱን የተወበት ጥቁር ነጥብ ነው። ይህ ነጥብ በሲቲ ስካን አይታይም፤ ለብረት ስሱ የሆነ የኤም አር አይ ዘዴ ይፈልጋል። በአንጎሉ ጥልቅ ክፍል ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ የደም ግፊትን ይጠቁማል፤ በዳርቻው ብቻ ሲሆን ግን አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን በሥሮቹ ግድግዳ ላይ መከማቸቱን ሊያመለክት ይችላል። በደም ሥሮች ዙሪያ ያሉ ክፍተቶች መስፋትና የአንጎል መሟሸሽም ከምልክቶቹ ይቆጠራሉ።

አብዛኞቹ ዱካዎች ሲፈጠሩ ሕመም አይሰማም። ሲበዙ ግን እርምጃን ያዘገያሉ፣ ሐሳብን ያንቀራፍፋሉ፣ የመርሳት በሽታንና የሌላ ስትሮክን ዕድል ይጨምራሉ። ቤተሰብ «እርጅና ነው» የሚለው ነገር አንዳንዴ ይኸው ነው።

ምን ማድረግ ይቻላል?

የተፈጠረን ጠባሳ የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፤ እንዳይበዛ ማድረግ ግን ይቻላል። ስፕሪንት በተባለው የአሜሪካ ጥናት የላይኛው የደም ግፊታቸው ከ120 በታች እንዲሆን የታከሙ ሰዎች በአራት ዓመት ገደማ ውስጥ ነጠብጣባቸው በ0.92 ኩቢክ ሴንቲ ሜትር ሲጨምር፣ ከ140 በታች በታለመላቸው ዘንድ በ1.45 ጨምሯል። ይህ ጥናት ስትሮክ የመታቸውን አላካተተም። እነርሱን በተመለከተ ኤስ ፒ ኤስ 3 የተባለው ጥናት በላኩን ስትሮክ የተመቱ 3,020 ሰዎችን ተከታትሏል። ግፊታቸው ከ130 በታች እንዲሆን በታለመላቸው ዘንድ አንጎል ውስጥ ደም የመፍሰስ አደጋ በእጅጉ ቀንሷል። በአንጻሩ ክሎፒዶግሬልን ከአስፕሪን ጋር ለረጅም ጊዜ መውሰድ ዳግመኛ ስትሮክን አልቀነሰም፤ የመድማትንና የሞትን አደጋ ግን ጨምሯል። ስለዚህ ለደም መርጋት የሚታዘዝ መድኃኒትን ያለ ሐኪም ምክር መጨመርም ሆነ ማቆም አደገኛ ነው።

አደጋው የሚያይለው «አሁን ደህና ነኝ» ተብሎ፣ ወይም በጾም ወቅት፣ ወይም ወደ አገር ቤት በሚደረግ ጉዞ የግፊት ኪኒን ሲቋረጥ ነው። ጾመኛ የኪኒኑን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ ሊያስተካክል፣ ተጓዥም ለቆይታው የሚበቃውን መድኃኒትና የምስሉን ቅጂ ሊይዝ ይገባል። በኢትዮጵያ ኤም አር አይ በአብዛኛው ከትልልቅ ከተሞች ውጭ ስለማይገኝ፣ ቅጂው እዚያ ላለ ሐኪም ከፍተኛ ዋጋ አለው።

በአሜሪካ የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ልጅ ለአባቱ እንዲህ ያለውን ውጤት እንዲያስተረጉም አይገደድም። በአስተርጓሚው በኩል ሊጠየቁ የሚገባቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉ፦ ነጠብጣቡ በፋዜካስ ስንት ነው? የደም መፍሰስ ነጥቦች አሉ ወይ? የደም ግፊቱ ግብስ ስንት መሆን አለበት?

ፊት ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል ወይም አንደበት ሲታሰር ግን ጊዜ ለጥያቄ አይበቃም። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በአብዛኛው በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነውና ወዲያውኑ 911 መደወል ያስፈልጋል፤ ምልክቱ በደቂቃዎች ውስጥ ቢጠፋም እንኳ።