ተኩስ እንዲቆም ከጎረቤት ጋር አንድ ቃል መናገር

   

የዛሬው ዝግጅታችን መነሻ በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ አንዲት የብስራተ ገብርኤል እናት ያነሡት ጥያቄ ነው። «ልጄ ግንባር ነው፤ የክርስቲያኗ ጎረቤቴም ልጅ ግንባር ነው። እሷ በቤተክርስቲያኗ፣ እኔ በመስጊዴ እናለቅሳለን። አብረን ወጥተን ‹ተኩሱ ይቁም› ብንል ወንጀል ይሆንብናል ወይ?» ነበር ያሉት። ጥያቄው ዛሬም የብዙ ቤት ጥያቄ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንየው።

በመጀመሪያ ሃይማኖታችን ምን ያስተምረናል? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ነቢይነት ሳይሰጣቸው በፊት መካ ውስጥ አንድ የየመን ነጋዴ ሸቀጡን ሸጦ ገንዘቡን ተከለከለ። ገዢው ከታላላቆቹ ወገን ስለነበረ የሚደርስለት አጣ። በዚህ ምክንያት የተወሰኑ የቁረይሽ ጎሣዎች በዐብዱላህ ኢብኑ ጁድዓን ቤት ተሰብስበው ለተበደለ ሁሉ አብረው ሊቆሙ ተማማሉ። ይህ ሒልፈል ፉዱል የሚባለው ቃል ኪዳን ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በስፍራው ነበሩ፤ እስልምና ከመጣም በኋላ ለዚያ ዓይነት ቃል ኪዳን ቢጠሩ እሺ እንደሚሉ ተናግረዋል። የተማማሉት ሰዎች ሙስሊሞች እንዳልነበሩ ልብ እንበል። ኸይር ለሆነ ሥራ ከሌላ እምነት ሰው ጋር መተባበር እምነትን መቀላቀል አይደለም ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ «ጥፋተኛው ሳይለይ ተኩስ ይቁም ማለት ለበዳይ ማድላት አይሆንም ወይ?» የሚለው ነው። በሂጅራ 6ኛው ዓመት በሑደይቢያ የተደረገውን ሱልሕ እናስታውስ። ለ10 ዓመት ጦርነት እንዲቆም ውል ሲጻፍ የቁረይሾች ተወካይ ሱሀይል ኢብኑ ዐምር «የአላህ መልእክተኛ» የሚለው ቃል ካልጠፋ አልፈርምም አለ። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ቃሉ እንዲጠፋ ፈቀዱ። ዑመር (ረ.ዐ.) ሳይቀሩ ነገሩ ከብዷቸው ነበር። ይሁን እንጂ ጦርነቱ በቆመበት ጊዜ ሰው ከሰው ተገናኝቶ ተነጋገረ፤ ብዙዎችም ወደ እስልምና ገቡ። በሱረቱል አንፋል 61ኛው አንቀጽ ላይም ጠላት ወደ ሰላም ካዘነበለ እኛም እንድናዘነብል ታዘናል። ተኩስ ማቆም ፍርድ አይደለም። ፍርድ የሚሰማበት ጊዜ እንዲገኝ፣ እስከዚያም ሰው እንዳያልቅ የሚደረግ ነገር ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። በሚያዝያ 1990 ዓ.ም. መጨረሻ በባድመ የተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶችን ቀጥፏል። በዚያ እሳት መካከል የሁለቱ አገሮች የኦርቶዶክስ፣ የእስልምና፣ የካቶሊክና የወንጌላውያን መሪዎች ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ በኖርዌይ ቤተክርስቲያን ተራድኦ አስተባባሪነት ከአገራቸው ውጭ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። በመንግሥታቱ መካከል መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ ሳለ የአንዱ አገር ሸኽና የሌላው አገር ጳጳስ ፊት ለፊት ተያዩ። ጦርነቱን ግን ያኔውኑ ማስቆም አልቻሉም። ግጭት የማቆሙ ስምምነት የተፈረመው ከከባድ እልቂት በኋላ ሰኔ 11 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው፤ የአልጀርሱ የሰላም ስምምነት ደግሞ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. ተከተለ። የሃይማኖት መሪዎች ግንኙነት ግን ከዚያም በኋላ ቀጥሎ ነበር።

በቅርቡ ጦርነት የሆነው ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የሃይማኖት አባቶችና የአገር ሽማግሌዎች አብረው መቀሌ ድረስ ሄደው ለመኑ። ወራት ሳይቆይ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ፈነዳ። ተኩሱ ከተጀመረ በኋላ ያ የጋራ ድምፅ ሳሳ፤ ብዙው ሰው የወገኑን ብቻ መስማት ጀመረ። መጋቢት 15 ቀን 2014 ዓ.ም. ለእርዳታ ሲባል ተኩስ ለማቆም ተወስኖ የእህል መኪኖች ወደ ትግራይ ገቡ። ነገር ግን ሁለቱ ወገኖች ለይፋዊ ንግግር ሳይቀመጡ ወራት አለፉ፤ ነሐሴ 18 ቀን ጦርነቱ እንደገና ተቀሰቀሰ። የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር። ያ ዓመት ሳያልቅም በአማራ ክልል ሌላ ጦርነት ተነሣ። እንግዲህ የጋራው ድምፅ አንድ ጊዜ ተሰምቶ የሚቀር ከሆነ ዋጋው ትንሽ ነው።

ድምፁ ሳይቋረጥ ሲቀር ምን እንደሚሆን ላይቤሪያ ታሳየናለች። በ1995 ዓ.ም. ክርስቲያኗ ሌይማ ግቦዊና ሙስሊሟ አሳቱ ባህ ኬኔት ከሌሎች እናቶች ጋር ሆነው የሁለቱን እምነት ሴቶች አስተባበሩ። ነጭ ለብሰው፣ ፀሐይና ዝናብ ሳይበግራቸው በሞንሮቪያ የዓሣ ገበያ አጠገብ በየቀኑ ተቀመጡ። «ማን ይሥገድ፣ ማን ይግዛ» አላሉም፤ ጥያቄያቸው ጦርነቱ እንዲቆም ብቻ ነበር። ተደራዳሪዎቹ አክራ ሲገቡ የተወሰኑት ተከትለው ሄደው የስብሰባውን በር ዘግተው ተቀመጡ። ነሐሴ 12 ቀን 1995 ዓ.ም. ስምምነቱ ተፈረመ። ሌሎችም ምክንያቶች ነበሩ፤ የእናቶቹ ድርሻ ግን በዓለም የተመሰከረለት ነው።

የተከበራችሁ አድማጮች! እንዲህ ያለው ኅብረት እንዴት ይሠራል ብንል፣ ሩቅ መሄድ ሳያስፈልገን እድራችንን እንይ። ብስራተ ገብርኤል ስሙን ያገኘው ከቤተክርስቲያኑ ነው። ትርጉሙም የገብርኤል የምሥራች ነው። እኛም ጂብሪል (ዐ.ሰ.) ወሕይ ይዘው እንደወረዱ፣ ለመርየምም (ዐ.ሰ.) የምሥራቹን እንዳደረሱ እናምናለን። በእምነት የምንለያይበት ብዙ ነው፤ ማንም አይደብቀውም። ለቅሶ ሲደርስ ግን የእድሩ ድንኳን አንድ ነው። የሙስሊሙ ምግብ ለብቻ፣ የክርስቲያኑም ለብቻ ይቀርባል። ሁሉም ቀብሩን በሥርዓቱ ይፈጽማል፤ ድንኳን ተካዩ ግን የሟቹን ሃይማኖት አይጠይቅም።

ተኩስ እንዲቆም የሚጠይቅ ኅብረትም እንዲሁ ነው። አንደኛ፣ ሁሉም በየእምነቱ ይቆማል፤ ስብሰባው የዳዕዋም የስብከትም ቦታ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ጥያቄው አጭርና አንድ ይሁን፤ ተኩስ ይቁም፣ እህልና መድኃኒት ይለፍ፣ ንግግር ይጀመር። የጥፋተኛውን ጉዳይ እዚያው ላይ ከጨመርን ኅብረቱ በዚያው ቀን ይፈርሳል። ሦስተኛ፣ ልጆቻቸው በሁለቱም ወገን ያሉ ቤተሰቦች ይኑሩበት፤ የአንድ ወገን ሰዎች ብቻ ከሆኑ ሌላው ወገን አይሰማቸውም። እናቶችም ቡና አፍልተው የሚመለሱ ሳይሆኑ ቃል የሚናገሩ ይሁኑ። አራተኛ፣ ያው ቃል በመስጊድም በቤተክርስቲያንም በአንድ ሳምንት ይነገር፤ ለሁለቱም ተፋላሚዎች ይድረስ፤ መልስ እስኪገኝ ይደጋገም።

ይህን ያደረገ ሰው ከወቀሳ አያመልጥም። አንዱ «ጠላት ወደደ»፣ ሌላው «ፈራ» ይለዋል። በሑደይቢያም የተሰማው ቅሬታ ከዚህ የራቀ አልነበረም። ስለዚህ ለብቻ ከመውጣት ከኢማሙ፣ ከእድሩ ዳኛና ከጎረቤት ጋር መመካከር ይሻላል። ብዙ ሆነው የተናገሩትን ቃል በአንድ ሰው ላይ ማላከክ ይከብዳል።

ለእኒያ እናት መልሳችን እንግዲህ ይህ ነው። ወንጀል የለብዎትም፤ እንዲያውም ምንዳ ይኖረዋል ብለን እናምናለን። እርስዎ ዱዓዎን በመስጊድ ያድርጉ፤ ጎረቤትዎም ጸሎታቸውን በቤተክርስቲያን ያድርሱ። ከዚያ ግቢው በር ላይ ተገናኝታችሁ «ልጆቻችን ይትረፉ» የሚለውን ቃል አብራችሁ ያዙት። ሌሎች እናቶችንም ጥሩ።

አላህ (ሱ.ወ.) የአገራችንን ልጆች ደም ይጠብቅልን፤ በየግንባሩ ያሉትን ለቤታቸው ያብቃልን። አሚን።