በአራዊት አንገት ስለሚታሰረው ኮላር

እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ የሆነው የደቡብ ሱዳን ቆጠራ፣ ወደ ጋምቤላችን የሚሻገረውን ነጭ ጆሮ ቆርኬ ጨምሮ ስድስት ሚሊዮን ገደማ አራዊት በቦማና በባዲንጊሎ ምድር እንደሚመላለሱ ሲያስረዳ፣ ከአየር በተነሣው ምስል ላይ ብቻ ሳይሆን ኮላር ታስሮላቸው መንገዳቸውን በሳተላይት ባሳወቁት እንስሳት ምስክርነትም የቆመ ነውና፣ ይህ መሣሪያ ለሀገራችን አራዊት የሚበጀውንና የሚያሰጋውን መመርመር ዛሬ ተገቢ ሆኗል።

አሳቡ በደቡብ ወሎ ለከላላና ለመካነ ሰላም ሰው እንግዳ አይደለም፤ ጉም ደጋውን በሸፈነበት ጠዋት ከዐይን የተሰወረችው በቅሎ የምትገኘው በአንገቷ ቃጭል ድምፅ ነው። የራዲዮው ኮላር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ፣ በየሎውስቶን ድቦች ከተሞከረ ወዲህ ወደ ጂፒኤስ አድጎ ለከብት እርባታም ውሏል።

ጥቅሙን ከሁሉ አብልጦ የሚያሳየኝ ግን የአንድ ቀይ ቀበሮ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በሰሜን ተራሮች እግሩን በጥይት ተመትቶ የተገኘው ይህ ፍጡር፣ ተረፈ ተብሎ ተሰይሞ፣ ታክሞ ከዳነ በኋላ ኮላር ታስሮለት ወደ ዱሩ ተመለሰ። የዘሩ ጎልማሶች በዓለም ሁሉ ከ500 በማይበልጡበት ዘመን፣ የተጠገነው እግር ገደሉን መውጣቱን፣ ብቸኛውም ወዴት እንደ ዞረ በመዓልትም በሌሊትም ማወቅ፣ የምሕረቱን ሥራ እስከ ፍጻሜው መከተል ነው።

ሆኖም ይህ በረከት ዋጋ አለው። ኮላር ለማሰር አውሬውን ማደንዘዝ ያስፈልጋል፤ ማደንዘዝም ከአደጋ የጸዳ አይደለም። የኮላሩ ክብደት ከገላው 3 በመቶ አይብለጥ በሚለው ልማድ፣ 13 ኪሎ ያህል ለምትመዝን ሴት ቀይ ቀበሮ የሚፈቀደው ከ400 ግራም በታች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የቦትስዋና ጥናት ደግሞ ከሜዳ አህያዋ ክብደት 0.6 በመቶ ብቻ የሆነው ኮላር፣ 0.4 በመቶ ከሆነው ጋር ሲነጻጸር፣ በግጦሽ ጊዜ የምትጓዝበትን ፍጥነት ከግማሽ በላይ እንደ ቀነሰ አሳይቷል። የአውሬው መገኛ ምስጢርም ያልጠበቁት እንደ ሆነ ይወጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በሕንድ ፓና የአንድ ታይገር ኮላር መረጃ የሚደርስበትን ኢሜይል ሰብሮ ለመግባት ተሞክሯል። ሴሲል የተባለው የዚምባብዌ አንበሳም እ.ኤ.አ. በ2015 የተገደለው ኮላሩን በአንገቱ እንደ ያዘ ነው፤ ማየት ማዳን አይደለምና።

በዚያው በደቡብ ወሎ፣ የደንቆሮን ጫካ ባቀፈው በቦረና ሳይንት ወረኢመኑ ብሔራዊ ፓርክ ጥቂት ቀይ ቀበሮዎች አሉ። እነዚህን በአንድ ጊዜ ሊፈጅ የሚችለው የእብድ ውሻ በሽታ ከመንደር ውሾች የሚተላለፍ ነውና፣ ከኮላሩ በፊት የእረኛው ውሻ ይከተብ፣ የፓርኩም ጠባቂ ይበርታ እላለሁ። ኮላር የሚታሰር ከሆነም፣ የሚፈታበት ጊዜና መንገድ አስቀድሞ ይወሰን፤ በቅሎዋ ቃጭሏን ማታ የሚፈታላት ጌታ አላት፤ ቀበሮው ግን ያሰሩለት ሰዎች ካላሰቡለት በቀር፣ ባትሪው ከሞተ በኋላም ያንኑ ሸክም ተሸክሞ ይኖራል።